ነጭ ኮምፒውተር በቡናማ ጥለት፦ ዕቃ በቀለም አስማምቶ ስለመገጣጠም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለታናሽ እህቴ ኮምፒውተር ከገጣጠምኩላት ወዲህ ቤቷ የገባ እንግዳ ሁሉ «ይሄ እንዲህ ሆኖ ተሠርቶ ይሸጣል እንዴ?» ይላል። አይሸጥም። እያንዳንዱ ዕቃ ተመርጦ፣ ተፈልጎ፣ አንዳንዱም ሳምንታት ተጠብቆ ነው የተገጠመው። ኬዙ (ዕቃዎቹን የሚይዘው ሳጥን) ነጭ ነው። ፊቱ እንጨት፣ ፋኖቹ (ማራገቢያዎቹ) ቡናማ ናቸው። እህቴ የቤት ንድፍ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ አጠገቧ የሚቀመጥ ነገር እንዲያምራት ፈለገች፤ እኔም ደስ ብሎኝ ገባሁበት። ከዚያ ወዲህ ለጓደኞችም ሠርቻለሁ። ብዙ ጊዜ የምጠየቀውን ከነመልሱ እዚህ አስቀምጫለሁ።

ከየትኛው ዕቃ ልጀምር?

ምስሉን ወደ ስክሪን ከሚያወጣው ዕቃ፣ ከግራፊክስ ካርዱ። አብዛኛው ሰው ኬዙን አይቶ ይወድና መጀመሪያ እሱን ይገዛል። ነጭ ኬዝ ግን ሞልቷል፤ ዛሬ ባታገኙት ነገ ታገኙታላችሁ። ግራፊክስ ካርድ እንደዚያ አይደለም። ከሁሉም ዕቃ ውዱ እሱ ነው። በኬዙ የጎን መስታወት በኩል ስታዩም ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። በፈለጋችሁት ቀለም ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። አብዛኛው ጥቁር ወይም ግራጫ ነው። ነጩ የሚወጣው በተወሰኑ ሞዴሎች ብቻ ነው፤ ጊጋባይት የተባለው ኩባንያ «አይስ» እና «ኤሮ» የሚላቸው አሉ፣ ፓወርከለር «ሄልሃውንድ ስፔክትራል ዋይት» የሚለው አለ፣ አሱስም ለአንዳንድ ካርዶቹ ነጭ እትም ያወጣል። ቀይ ወይም አረንጓዴ ካርድ ፍለጋ ከወጣችሁ ግን ድካሙ ብዙ ነው።

ስለዚህ ዋናውን ቀለም ካርዱ ይወስንላችሁ። ከዚያ ማዘርቦርድ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) እና ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው)፣ ቀጥሎ ኩለሩ (የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ሲፒዩን የሚያቀዘቅዘው)፣ ቀጥሎ ኬዙ ይምጣ። ፋንና ኬብል መጨረሻ ላይ ናቸው፤ በየቀለሙ ስለሚገኙ የጎደለውን የሚሞሉት እነሱ ናቸው።

ስንት ቀለም ልጠቀም?

ሁለት። ሦስተኛ ካስፈለገ እንጨት ወይም ያልተቀባ ብረት ይሁን።

የሀበሻ ቀሚስ አስቡ። ሸማው ነጭ ነው። ጥለቱ ያለው ደረቱ፣ እጅጌውና ጫፉ ላይ ነው። ሸማኔው ጥለቱን በጨርቁ ሁሉ ላይ ቢበትነው ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ኮምፒውተርም ላይ እንደዚሁ ነው። አንዱ ቀለም ሸማ ይሁን፤ ብዙውን ቦታ ይያዝ። ሌላው ጥለት ይሁን፤ ትንሽ ቦታ ላይ ይውጣ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጥለቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከታየ ስህተት ይመስላል። ነጭ ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ቀይ ፋን ብቻ ብታስገቡ፣ ያያት ሰው «ነጭ አጥተው ነው» ይላል። ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ከተደገመች ግን ሆን ተብሎ እንደተደረገ ያስታውቃል። እህቴ ጋ ቡናማው የሲፒዩ ኩለሩ ፋኖች ላይ አለ፣ የኋላው ፋን ላይ አለ፣ ወደ ማዘርቦርዱ በሚገባው ወፍራም ኬብል ላይ አለ። የኬዙ ፊት እንጨት ከነዚህ ጋር ይነጋገራል። የሚታየው ሌላው ሁሉ ነጭ ነው።

ነጭ ሁሉ ነጭ አይደለም እንዴ?

አይደለም። እኔንም መጀመሪያ ያሳሳተኝ ይሄ ነው። አንዱ ነጭ ወደ ወተት ይጠጋል፣ አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ አንዱ ወደ ግራጫ። የብረት ቀለምና የፕላስቲክ ቀለም ከአንድ ፋብሪካ ቢወጡ እንኳ እኩል አይመስሉም። ሻጩ የለጠፈው ፎቶ ደግሞ በኮምፒውተር የተሠራ ስለሚሆን ሁሉም በረዶ መስሎ ይታያል።

እህቴ ያደረገችውን አድርጉ። ሻጩን «ዕቃውን ከኤ4 ወረቀት ጎን አስቀምጠህ፣ በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንሳልኝ» አለችው። ወረቀቱ ለሁሉም ፎቶ አንድ ዓይነት መለኪያ ይሆናል። ካሜራው ቀለሙን ቢያዛባ እንኳ ወረቀቱንም እኩል ስለሚያዛባው ልዩነቱ ይታያል። በዚህ መንገድ «ነጭ» ተብሎ የቀረበላት አንድ ኩለር ክሬም ሆኖ ስላገኘችው ተወችው።

«ነጭ» የተባለው ዕቃ ሙሉ በሙሉ ነጭ መሆኑንም ጠይቁ። ብዙ ነጭ የሚባል ግራፊክስ ካርድ ሽፋኑ ብቻ ነው ነጭ፤ ሰሌዳው ከጎን ሲታይ ጥቁር ነው። ማዘርቦርድም እንደዚያ ነው። የአሱስ ስትሪክስ ማዘርቦርዶች ስማቸው ላይ «ኤ» ያለባቸው ብዙዎቹ ብርማ ነጭ ሽፋን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይዘው ነው የሚመጡት። የጊጋባይት «አይስ» ማዘርቦርድ ደግሞ ሰሌዳው ራሱ ነጭ ነው። ሁለቱም ያምራሉ፤ የምትገዙት የቱን እንደሆነ ግን እወቁ።

የሞዴል ቁጥሩ ላይ ያሉት ፊደሎች ምንድን ናቸው?

ቀለሙን የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። ዲፕኩል የተባለው ኩባንያ ዕቃዎች ላይ «ደብሊው ኤች» ነጭ፣ «ቢ ኬ» ጥቁር ነው። ጂስኪል ትራይደንት ራሞች ላይ መጨረሻው «ደብሊው» ከሆነ ነጭ፣ «ኬ» ከሆነ ጥቁር፣ «ኤስ» ከሆነ ብርማ ነው። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ሰው የሚያመጣላችሁ ከሆነ የዕቃውን ስም ብቻ አትላኩ። ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን ላኩ፤ ካርቶኑ ላይ ያለውን ፎቶ አንስቶ እንዲያሳያችሁም ለምኑ። አንድ ጊዜ ነጭ ራም አዝዤ ጥቁር መጣልኝ። ያመጣልኝ ዘመድ ምንም አላጠፋም፤ የላኩለት ስም ላይ ያቺ አንዷ ፊደል አልነበረችም። ዕቃ ውቅያኖስ ተሻግሮ ከመጣ በኋላ ይመለስ አይባልም።

ዕቃዎቹ ላይ ያለው መብራት ቀለሙን አይሠራልኝም? ለምን ለዕቃው ቀለም ልጨነቅ?

የዕቃው መብራት ሲጠፋ ምን ይቀራል? ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። አርጂቢ መብራት (ቀለሙን የሚለዋውጠው) ቆንጆ ነው፤ አልቃወመውም። ግን ቀን ላይ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ኮምፒውተር መብራቱ ብዙም አይታይም። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ደግሞ ጭራሽ የለም። በእኔ እምነት መጀመሪያ ዕቃው ጠፍቶ ማማር አለበት። መብራቱ ከዚያ በኋላ የሚጨመር ነው።

ነጭ ብርሃን ለማግኘት የምታስቡም እወቁት። አርጂቢ መብራት ነጩን የሚሠራው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀላቅሎ ነው። ከዚህ የተነሳ የአንዱ ፋን ነጭ ወደ ሰማያዊ፣ የሌላው ወደ ሮዝ ያደላል። ጎን ለጎን ሲሆኑ በደንብ ያስታውቃል። ነጭ ብርሃን ከፈለጋችሁ ፋኖቹን በሙሉ ከአንድ ሞዴል ግዙ።

አሁን የምነግራችሁን ግን አጥብቃችሁ ያዙ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የአርጂቢ መብራት ሶኬት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ 12 ቮልት ሲሆን አራት እግር (ፒን) አለው። ሌላው 5 ቮልት ነው፤ ሦስት እግር ብቻ አለው፣ አንደኛው ቦታ ባዶ ነው። የ5 ቮልቱን መብራት 12 ቮልት ላይ ከሰካችሁት ያቃጥለዋል። ሶኬቱ አጠገብ ማዘርቦርዱ ላይ በትንንሽ ፊደል ቮልቱ ተጽፏል፤ በስልካችሁ መብራት አብርታችሁ አንብቡ። እንቢ ያለውን ሶኬት በኃይል አትግፉ።

ሶፍትዌሩንም አስቡበት። አሱስ ኦራ ሲንክ አለው፣ ኤምኤስአይ ሚስቲክ ላይት፣ ጊጋባይት አርጂቢ ፊውዥን፣ ኮርሴር አይኪዩ። ከአራት ኩባንያ አራት መብራት ስትገዙ አራት ፕሮግራም ትጭናላችሁ። ኦፕንአርጂቢ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን አንድ ላይ ይይዛል፤ ዕቃችሁ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ግን ከመግዛታችሁ በፊት እዩ።

80 ፕላስ ጎልድ ፓወር ሰፕላይ ወርቃማ ነው?

ቀለሙ አይደለም። ፓወር ሰፕላይ ለዕቃዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ነው። ዋይት፣ ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም፣ ታይታንየም የሚባሉት ፓወር ሰፕላዩ ኤሌክትሪክ ምን ያህል ሳያባክን እንደሚጠቀም የሚያሳዩ ደረጃዎች ናቸው። «80 ፕላስ ዋይት» የተባለ ጥቁር ፓወር ሰፕላይ አለ። ነጭ ነው ብላችሁ እንዳትገዙት።

የፓወር ሰፕላይ ቀለም ያን ያህል አያስጨንቃችሁ። ዛሬ አብዛኛው ኬዝ ከታች የሚሸፍነው ሳጥን አለው። እህቴ ጋ ያለው ጥቁር ነው፤ እስካሁን ያየው ሰው የለም። ነጭ ለማግኘት የምታወጡትን ብር ጥራቱ ላይ አውሉት።

ባለቀለም ኬብል መቀየር አደጋ አለው?

እንደ አደራረጋችሁ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ማራዘሚያ ነው። ዋናው ኬብል ባለበት ይቀርና ባለቀለሙ ጫፉ ላይ ይቀጠላል፤ የሚታየው ባለቀለሙ ብቻ ይሆናል። ይህ ለጀማሪ የሚሻለው ነው፤ ከማን እንደገዛችሁት ብቻ ተጠንቀቁ።

ሁለተኛው ከፓወር ሰፕላዩ ጀምሮ ሙሉ ኬብሉን መለወጥ ነው። የበለጠ ያምራል፣ ኋላም አይጨናነቅም። ግን የአንዱን ፓወር ሰፕላይ ኬብል በሌላው ላይ መሰካት ዕቃ ያቃጥላል። ሶኬቱ ልክ ቢገባ እንኳ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች አሰላለፍ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፤ በአንድ ኩባንያ ውስጥም ከሞዴል ሞዴል ሊለያይ ይችላል። ኬብል ሻጩ የእናንተን ሞዴል ስም ጠርቶ «ለዚህ ይሆናል» ካላለ አትግዙ። ቤት ውስጥ ካለ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ላይ ነቅላችሁም አትጠቀሙ።

አዳዲሶቹ የኢንቪዲያ ካርዶች ያላቸው ባለ16 እግር ሶኬትም የራሱ ጥንቃቄ አለው። በ2022 አርቲኤክስ 4090 የተባለው ካርድ ሲወጣ እዚያ ሶኬት ላይ የቀለጡ ኬብሎች ነበሩ። ኬብሉን እስከ መጨረሻው ግፉት። ክፍተት እንደሌለ በዓይናችሁ አረጋግጡ። ለማማር ብላችሁም ኬብሉን ከሥሩ አትቆልምሙት።

ኬብል ጨርሶ እንዳይታይ ለሚፈልግ ደግሞ ሶኬቶቹ በጀርባ በኩል የሆኑ ማዘርቦርዶች አሉ። አሱስ ቢቲኤፍ፣ ኤምኤስአይ ፕሮጀክት ዜሮ ይላቸዋል። ለነሱ ተብሎ የተቦረቦረ ኬዝ ይፈልጋሉ።

የኖክቱዋ ቡናማ ፋን አስቀያሚ አይደለም?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። የኦስትሪያው ኖክቱዋ ፋኖቹን ክሬምና ቡናማ አድርጎ ይሠራል። ዝምታቸውንና ጥራታቸውን ሁሉም ያውቃል፤ በቀለማቸው ግን ብዙ ሰው ፊቱን ያዞራል። ኩባንያው ራሱ ለነዚህ ሰዎች ክሮማክስ ብሎ ጥቁር አውጥቷል።

እህቴ ግን ስታያቸው «ይሄ እኮ ማኪያቶ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ሌላ አልፈለገችም። ጥቁር ኬዝ ውስጥ ቢገቡ ባይተዋር ይሆኑ ነበር። የእህቴ ኬዝ፣ ነጩ ፍራክታል ኖርዝ ግን ፊቱ ላይ የኦክ እንጨት አለው። እንጨቱ ካለ ቡናማው ዘመድ አገኘ ማለት ነው።

ማማሩ ግን በልኬት ነው ያለቀው። የመረጥነው ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 ኩለር 165 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው። ኬዙ እስከ 170 ይቀበላል። ጥሩ ነው አልን። ችግሩ የኩለሩ የፊት ፋን ራሙ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ከሥሩ ያለው ክፍተት 32 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ራሙ ከዚያ ከረዘመ ፋኑ ወደ ላይ ይነሳል፣ ቁመቱም ይጨምራል። እህቴ የወደደችው ባለመብራት ራም 44 ሚሊ ሜትር ነበር። ፋኑን 12 ሚሊ ሜትር ያነሳዋል፤ መስታወቱ አይዘጋም። ስለዚህ መብራት የሌለውን ነጭ ኪንግስተን ፉሪ ቢስት ወሰድን፤ ወደ 35 ሚሊ ሜትር ነው። ፋኑን 3 ሚሊ ሜትር ከፍ አደረግነው። 168 ሆነ። መስታወቱን ስንዘጋው ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ነበር። ገባ።

ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ አስፍሩ፦ የኩለሩ ቁመት፣ የራሙ ቁመት፣ የካርዱ ርዝመት፣ ኬዙ የሚቀበለው ልክ።

በፈለግኩት ቀለም ያጣሁትን ዕቃ ልቀባው?

ኬዙንና የብረት ሽፋኖችን አዎ። የፋን ክፈፍም ይቀባል። የፋኑ ምላጭ ግን አይቀባ፤ ቀለሙ እኩል ካልተዳረሰ ሚዛኑ ይዛባና ይንቀጠቀጣል፣ ይጮሃል። ሰሌዳ፣ ሶኬት፣ የራምና የካርድ ወርቃማ ጥርስ ቀለም አይነካቸው። የግራፊክስ ካርድ ሽፋን ለመቀባት ካርዱ መፈታት አለበት፤ ያኔ ዋስትናው ሊቀርባችሁ ይችላል።

አሠራሩ ትዕግሥት ነው። ዕቃውን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ፣ በደንብ ይድረቅ። በደቃቅ ካርታ ቬትሮ ለስለስ አድርጋችሁ ፈግፍጉት። መጀመሪያ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ የሚቀባ መነሻ)፣ ከዚያ ቀለሙን በስሱ፣ ደጋግማችሁ ንፉት። በአንድ ጊዜ ካወፈራችሁት ይፈስሳል። ከመግጠማችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ይደር።

የመጀመሪያዬን የቀባሁት ግቢ ውስጥ ነበር፣ በጥር። ገና ሳይደርቅ ነፋስ ተነሳ። ነጩ ቀለም ላይ የተለጠፈው አቧራ በርበሬ የተነሰነሰበት አይብ አስመሰለው። እንደገና ፈግፍጌ ነው የቀባሁት። አየር የሚገባበት ግን ነፋስ የማይደርስበት ቦታ ፈልጉ፤ አፍንጫችሁንም ሸፍኑ።

ቀለም ያስፈራው ሰው መኪና ላይ ስቲከር የሚለጥፉ ቤቶች ይሂድ። የኬዝ ክዳን በቀላሉ ይለብሳል። የካርድ ጀርባ ግን ስለሚሞቅ ርካሹ ስቲከር ሙጫው ይለቃል።

ነጭ ቶሎ አይቆሽሽም? ቢጫ አይሆንም?

ስለ መቆሸሽ፣ አቧራ በጣም የሚታየው የሚያብረቀርቅ ጥቁር ላይ ነው። ነጭ ላይ የሚታየው የጣት እድፍና የአየር ማስገቢያው ጥግ ላይ የሚጠራቀመው ነው። ማጣሪያ ያለው ኬዝ ግዙ፤ በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ማጣሪያውን አውጥታችሁ አራግፉ።

ቢጫ መሆን እውነት ነው። ነጭ ፕላስቲክ ፀሐይ ሲመታው በዓመታት ውስጥ ይወይባል። የተቀባ ብረት የተሻለ ይቆያል። ኮምፒውተሩን የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት መስኮት ሥር አታድርጉት።

አዲስ አበባ ላይ ለሚገጣጥም የተለየ ነገር አለ?

ሁለት ነገር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። አየሩ ከባሕር ወለሉ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ኮምፒውተርን የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሆነ፣ ያው ፋን ያንኑ ፍጥነት እየዞረ እዚህ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። የአየሩ ጠባይ ቀዝቃዛ መሆኑ ይክሳል፤ ቢሆንም ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ኬዝ አልመክርም። አየር የሚያስገባ ፊት ምረጡ። በጣም የሚያምሩት አንዳንዶቹ ኬዞች በጣም የሚታፈኑትም ናቸው።

ሁለተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ፓወር ሰፕላይ ላይ «100-240» የሚል መኖሩን እዩ። ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው ርካሽ ዓይነት ከሆነ፣ ከመሰካታችሁ በፊት 230 ላይ አድርጉት። 115 ላይ እንዳለ ከሰካችሁት ያልቅለታል። መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ከባለቀለም ኬብል በፊት ይግባ።

ነጭ ዕቃ ከጥቁሩ ዋጋው ይወደዳል?

ብዙ ጊዜ አዎ። ራምና ኩለር ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ግራፊክስ ካርድና ማዘርቦርድ ላይ ይሰማችኋል። ነጭ ለማግኘት ብላችሁ በአቅም ዝቅ ያለ ካርድ ግን አትግዙ። ያኔ ጥቁሩን ወስዳችሁ ጥቁርን ጥለት አድርጉት፤ ኬብሉንና አንድ ሁለት ፋን ጥቁር አድርጉ። ነጭና ጥቁር ክብር ያለው ጥምረት ነው።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግዛት አልችልም። እንዴት ላድርግ?

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ግዙ። ፋን፣ ኬብልና መብራት በኋላ ይመጣሉ፤ መለወጥ አንድ ካቻቢቴና አንድ ከሰዓት ነው የሚፈልገው። ፋን ግን ስትገዙ ከሚያስፈልጋችሁ አንድ ጨምሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዱ ሲበላሽ ያው ሞዴል በያው ቀለም ላይገኝ ይችላል። የእህቴ ትርፍ ቡናማ ፋን እስካሁን ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ አለ።